ውሃው ሲሸሽ የሚታየው ደረጃ

እናቴ እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን በቀኝ እጇ ብቻ ነው የምታነሳው። የግራ አንጓዋ ከተሰበረ ወዲህ ክብደት አይችልም። ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዛታል።

የተሰበረው ከዓመታት በፊት፣ በግንቦት ኪዳነ ምሕረት ነው። ዘጌ ሄዳ ተሳልማ ስትመለስ። ጀልባው ባሕር ዳር በሰላም ደርሷል። ግንቦት ነውና ጣና ሸሽቷል። ከደረቁ መሬት አምስት ስድስት እርምጃ ሲቀረው የጀልባው ሆድ ጭቃ ነካና ቆመ። አንድ ሳንቃ ተዘረጋ። ጭቃ የረገጠ እግር ሲመላለስበት የዋለ ሳንቃ ነው፤ ያሟልጫል። እናቴ በአንድ እጇ የጠበል ጀሪካን ይዛለች። በሌላው ነጠላዋን ሰብስባለች። መሀል ላይ ስትደርስ ሳንቃው ሸርተት አለ።

እኔ እዚያው ጀልባ ላይ ነበርኩ። ሞተሩ ጭቃ እንዳይበላ ወደ ላይ ሳነሳ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። ስትወድቅ አላየሁም። ድምፁን ነው የሰማሁት።

ወጌሻ አሸላት። ነገሩ በዚያው ተረሳ፤ እሷም አንስታው አታውቅም። እኔም የረሳሁት ይመስለኝ ነበር። ጃፓን ሄጄ አንድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ስቆም ነው እንደገና የመጣብኝ።

ሥራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ነው። ጣና ላይ ከሚመላለሱት ሞተሮች ብዙዎቹ ያማሃ ናቸው። ስለዚህ ጃፓንን ሳላያት በፊት በእጄ አውቃታለሁ። ካርቡሬተሯን ስንቴ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በተመረቀ ሰሞን፣ ለአጭር የሙያ ስልጠና ወደ ሂሮሺማ የመሄድ ዕድል ገጠመኝ። ስለ ስልጠናው ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ቀን ብቻ ነው፤ ረቡዕ፣ ግንቦት 14።

በዚያ ቀን እረፍት ነበረን። አብረውኝ የነበሩት ገበያ መውጣት ፈለጉ። እኔ ወደብ ማየት እንደምፈልግ ለአስተርጓሚያችን ነገርኩት። ወጣት ልጅ ነው፤ ቁጥብ፣ ሰው አክባሪ።

«ትልቅ ወደብ ነው የሚፈልጉት ወይስ አሮጌ?» አለኝ።

«አሮጌ። ግን ሰው አሁንም የሚሠራበት።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ቶሞኖኡራ እንሂድ» አለ።

ከሂሮሺማ እስከ ፉኩያማ በፈጣኑ ባቡር ሄድን። ገና ወንበሬን ሳልለምደው ውረድ ተባልኩ። ከፉኩያማ ጣቢያ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል በአውቶቡስ። መንገዱ ላይ ልጁ የቦታውን ስም ፈታልኝ። «ቶሞ» ድሮ ቀስተኞች ግራ አንጓቸው ላይ የሚያስሩት የቆዳ መከላከያ ነው። «ኡራ» ደግሞ ባሕር ወደ ውስጥ ገባ ያለበት ዳርቻ ነው። ግራ አንጓ ሲለኝ እናቴን አስታወስኩ። የእኔ ከተማ ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። «የባሕር ዳርቻ ማለት ነው» አልኩት። «አገርዎ ባሕር የላትም ብዬ ነበር» አለኝ። ለጣና ሰው ጣና ባሕር ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙ አልለፋሁም፤ ፎቶ አሳየሁትና ገባው።

ወደቡ ትንሽ ነው። እንደ ፈረስ ጫማ የጎበጠ። ዙሪያውን ጥቁር ጣሪያ ያላቸው የእንጨት ቤቶች ከበውታል። ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ደሴቶች። የቆሙት ጀልባዎች የዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ትናንሽ፣ ነጭ፣ ሞተራቸው የተሸፈነ። ሽታው ጨው፣ ናፍጣና ዓሣ ነው። ናፍጣውና ዓሣው የእኛው ነው። ጨው ያለበት ውሃ ሸትቶኝ ግን አያውቅም ነበር። ምላሴ ላይ ነው የተሰማኝ።

ከውሃው ዳር የድንጋይ መብራት ቆሟል። የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1859 ነው። (የጃፓኑን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ባሕሩ ውስጥ ያለው የድንጋይ መሠረቱ ሲቆጠር ቁመቱ ከ10 ሜትር ያልፋል። ድሮ በዘይት ይበራ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች «ቶሮዶ» ይሉታል። ሁሉም ቱሪስት ፎቶ የሚነሳው እሱ ጋ ነው። እኔም ተነሳሁ። ዓይኔ ግን ከሥሩ ወዳለው ነገር ሄደ።

ደረጃ ነው። ሰፊ፣ ረጅም፣ የወደቡን ጎን ይዞ የሚሄድ የድንጋይ ደረጃ። ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዚያም ውሃው ውስጥ ገብቶ ይቀጥላል። «ጋንጊ» ይሉታል። እኛ በደረስንበት ሰዓት፣ ረፋዱ ላይ፣ ባሕሩ ሞልቶ ስለነበር ከላይ ያሉት ጥቂት እርከኖች ብቻ ነበሩ የሚታዩት። የቀሩት ከውሃው ሥር አረንጓዴ ሆነው ይታዩኛል።

አንዲት አሮጊት ባልዲ ይዘው ወረዱ። ሰማንያ የሚሆናቸው ይመስለኛል። የጎማ ጫማ አድርገዋል። ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ላይ የታሰረው ጀልባ ጠርዝ ከጉልበታቸው ብዙም ከፍ አይልም። ባልዲውን ጀልባው ውስጥ አስቀመጡት። ራሳቸውም አንድ እጃቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው ገቡ። ማንም አልደገፋቸውም። ሳንቃ የለም። ዝላይ የለም።

እዚያ ጋ ነው እናቴ የመጣችብኝ። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ጀሪካኑን ይዛ። ጉሮሮዬ ተያዘ። አስተርጓሚው ልጅ «ደከመዎት?» አለኝ። አዎ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስለ ባሕሩ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ካልሆነ ደረጃው አይገባም። ሴቶ የሚባለው ይህ ባሕር የውስጥ ባሕር ነው። በሦስት ትልልቅ ደሴቶች የታጠረ ነው። ውቅያኖሱ ሲሞላ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ባሉ በሮች ውሃ ይገባል። ሁለቱ ውሃዎች የሚገናኙት ቶሞ አካባቢ ነው። ውቅያኖሱ ሲጎድል ደግሞ ከዚያው ተለያይተው፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ ይመለሳሉ። ሞተር ያልነበራቸው መርከቦች ይህን አውቀው ነበር የሚጓዙት። በሚሞላው ውሃ እየተገፉ ቶሞ ድረስ ይመጣሉ። ቆመው ይጠብቃሉ። ውሃው አቅጣጫ ሲለውጥ በወዲያኛው በኩል ተስበው ይሄዳሉ። ቶሞኖኡራ በሺህ ዓመት የሚቆጠር ዕድሜ ያገኘችው በዚህ ነው፤ ውሃ የሚጠበቅባት ወደብ ናት።

እኔ የሞተር ሰው ነኝ። ግን ይህን ስሰማ ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉትን ባለ ታንኳዎች ነው ያሰብኩት። ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚነሱት። ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ነፋሱን መታገል ሳይሆን መቅደም ነው ዘዴው። ሞተር የያዘ ሰው ይህን ይረሳል። ቤንዚን ሲጠፋ ያስታውሰዋል።

የቶሞ ባሕር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ስትሞላ ልዩነቱ ከሦስት ሜትር በላይ ይሆናል። እኔ የሄድኩበት ቀን ጨረቃዋ ሙሉ ልትሆን አንድ ቀን ነበር የቀራት። አሁን ጣናን አስቡት። ጣናም ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ግን በዓመት አንዴ። ክረምቱን ጠጥቶ መስከረም ላይ ይሞላል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ጭቃውን ያሳያል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የእነሱ ባሕር በስድስት ሰዓት የሚወርደውን ጣና በስምንት ዘጠኝ ወር ነው የሚወርደው። በስድስት ሰዓት ሦስት ሜትር ለሚወርድ ውሃ መፍትሔ ከተገኘለት፣ በስምንት ዘጠኝ ወር አንድ ሜትር ተኩል ለሚወርደው እንዴት ይጠፋለታል? ደረጃው ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ሳሰላስል ቆየሁ።

መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። እጃቸው አያርፍም። መርፌው የቀርከሃ ነው፣ ክሩ ሰማያዊ ናይለን። ልጁ ሰላም አላቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁት።

«ከባሕር ዳር» አልኩ።

ልጁ ትርጉሙን ነገራቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ባሕራችሁ ጨዋማ ነው?»

«አይደለም። ይጠጣል።»

«የሚጠጣ ባሕር» አሉና መርፌያቸውን አቆሙ። ስልኬን አውጥቼ ታንኳ አሳየኋቸው። አንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ከደንገል ሲሠሩት ያነሳሁት ፎቶ ነው። ደንገሉ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ላይ እንደ ቀንድ ቆልመም ብሎ። ስልኩን ወስደው ፎቶውን አጉልተው አዩት። እስራቱን ነው ያዩት። ጣታቸው ገመዱ ላይ ሄደ።

«ይህ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

«ዓመትም አይሞላ። ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል።»

«ታዲያ እንዴት ታደርጋላችሁ?»

«ከውሃ ሲወጣ ግድግዳ ወይም ዛፍ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሃው ወደ ታች ይንጠፈጠፋል። ፀሐይ ይመታዋል።»

ሳቁ። ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት። «የእኛም እንደዚያ ነበር» አሉ። «ማታ ውሃው ሲጎድል ና። አሳይሃለሁ።»

እስከ ማታ መቆየት ሊኖርብን ነው። ልጁ የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት አየና እሺ አለ። እግዜር ይስጠው።

ምሳ ሩዝ በዓሣ በላን። ዓሣው «ታይ» ይባላል፣ ቀይ ነገር ነው። ቶሞ የምትታወቀው በእሱ ነው፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንደ ጥንቱ በትልቅ መረብ ከበው ሲያጠምዱት ለሰው ያሳያሉ። እኔን ቀኑ አልገጠመኝም። ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለነበር ያለ ሐሳብ በላሁ። ሥጋው ጠንከር ያለ፣ ንጹሕ ነው። የእኛ ቀረሶ ለስለስ ይላል። ቀረሶን ግን ማንም እንደ ታይ በሩዝ ቀቅሎ አያበላሽብኝ፤ ቀረሶ ተቆራርጦ፣ ተጠብሶ፣ በሚጥሚጣ ነው።

ከዚያ መንደሩን ዞርን። መንገዱ ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ የግድ ወደ ኋላ ይላል። ከድሮ ጀምሮ መልህቅና የመርከብ ምስማር የሚቀጠቅጡ አንጥረኞች የነበሩበት መንደር ነው። አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ገባን፤ የመጠጥ ነጋዴ ቤት ነበር። «ሆሜይሹ» የሚሉት የመድኃኒት መጠጥ ከ1659 ጀምሮ በዚህ መንደር ይጠመቃል። 16 ዓይነት ዕፅ ይገባበታል። በትንሽ ብርጭቆ ቀመስኩ። ቀረፋና ቅርንፉድ ይሸታል፣ ይጣፍጣል፣ ሲወርድ ደረት ያሞቃል። ለሳል ጥሩ ነው አሉ። እናቴ ብትቀምሰው ለአንጓዋ ትቀባው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ከመብራቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች አንዱ ሙዚየም ሆኗል። በ1867 ከቶሞ ወጣ ብሎ ሁለት የእንፋሎት መርከቦች ተጋጭተዋል። ትንሿ፣ «ኢሮሃ ማሩ»፣ ሰጠመች። የትንሿ መርከብ አለቃ ሳካሞቶ ርዮማ በጃፓን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ከትልቁ መርከብ ባለቤቶች ጋር የካሣ ክርክር የጀመረው እዚሁ መንደር ውስጥ ነው። ትልቁ መርከብ የአንድ ኃያል መስፍን ንብረት ነበር። ቢሆንም በመጨረሻ ካሣ ለመክፈል ተስማሙ። ከባሕሩ ወለል የወጡ ስብርባሪዎች አየሁ። እኔ ግን ልቤ ደረጃው ላይ ነበር፤ ቶሎ ወጣሁ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ።

ይህ ወደብ ዛሬ እንዳየሁት ሆኖ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። በ1983 የአካባቢው መንግሥት አንድ ዕቅድ አወጣ። የወደቡን ከፊል በአፈር ሞልቶ፣ በላዩ ድልድይ አሳልፎ፣ መኪና ከጠባቡ መንገድ እንዲወጣ ማድረግ። የሚሞላው ሁለት ሄክታር ያህል ነበር። ድልድዩ 180 ሜትር ገደማ። ክርክሩ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። በ2007 የመንደሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2009 የሂሮሺማ አውራጃ ፍርድ ቤት ሙሌቱ እንዲቆም ወሰነ። የወደቡ መልክ የነዋሪው ብቻ ሳይሆን የአገሬው ሁሉ ሀብት ነው አለ። በ2012 ገዢው ዕቅዱን እንደሚተዉና መኪናው በተራራው ውስጥ በዋሻ እንዲያልፍ እንደሚያደርጉ አስታወቁ። በ2016 ጉዳዩ ተዘጋ። ዋሻው እኔ ከመሄዴ ሁለት ወር ገደማ በፊት ተከፍቶ ነበር።

እኔ ድልድይ ጠል አይደለሁም። 380 ሜትር የሚረዝመውን የዓባይ ድልድይ በተመረቀ ሰሞን በእግሬ አቋርጬዋለሁ፤ ኩራት ተሰምቶኛል። ዓባይን ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል። ቶሞ ላይ ግን ድልድዩ የሚያርፈው በራሱ በወደቡ ላይ ነበር። ደረጃውና መብራቱ ቢቀሩም ከፊታቸው ኮንክሪት ይቆማል። ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማታ ላይ ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ይደሰታሉ ብዬ ነበር።

«እኔ ድልድዩን ፈልጌ ነበር» አሉ።

ዝም አልኩ።

«ባለቤቴ ስትታመም አምቡላንሱ እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተፋጠጠ። ወደ ኋላ እስኪል ጠበቅን። ያ ቀን ከውስጤ አይወጣም።» ትንሽ ቆዩና «አሁን ዋሻው አለ። ጥሩ ነው። ደረጃውም አለ። እሱም ጥሩ ነው» አሉ።

አስተርጓሚው ልጅ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ውሃው ወርዷል። ወደቡ ሌላ ቦታ መሰለ። ረፋዱ ላይ ጥቂት እርከን ያየሁበት ደረጃ አሁን እንደ ኮረብታ ወደ ታች ይወርዳል። የላይኛው ደረቅና ግራጫ ነው። መሀሉ አረንጓዴ እንስላል የሚመስል የባሕር ሣር ለብሷል። የታችኛው ላይ ቀንድ አውጣ መሳይ ነገሮች ተጣብቀዋል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ድንጋይ በመዳፌ ዳሰስኩት። ጠርዙ ክብ ሆኗል። መሀሉ ጎድጓዳ ነው፣ ልክ እንደ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደፍ። እግር ነው ያጎደጎደው። በየመሀሉ ገመድ የሚታሰርበት አጭር የድንጋይ ምሰሶ አለ፤ አንገቱ ላይ ገመድ የበላው ቦይ ይታያል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎርጎራ በሚሄደው መርከብ ላይ ገመድ ወርዋሪ ነበር። ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ። መዳፉ ላይ ልክ እንደዚህ ያለ ቦይ ነበረው።

ጀልባዎቹ ሁሉ ከውሃው ጋር ወርደዋል። ረፋድ ላይ ያየኋት የአሮጊቷ ጀልባም ወርዳለች። ግን አሁንም ከአንድ እርከን ጋር እኩል ናት። ሌላ እርከን ነው እንጂ እርከን አላጣችም።

ሽማግሌው ወደ ዳር ወሰዱኝ። ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ የድንጋይ ንጣፍ ብቅ ብሏል። ይህ «ታደባ» ይባላል። የእንጨት መርከብን ሆድ የሚበላ ትል አለ፤ ሣሩም ይጣበቅበትና ያከብደዋል። ድሮ ባሕሩ ሲሞላ መርከቡን እዚህ ያስጠጉት ነበር። ሲጎድል መርከቡ ንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ከሥሩ እሳት ያነዱ ነበር። ትሉ ይሞታል፣ ሣሩ ይቃጠላል፣ እንጨቱ ይደርቃል። ባሕሩ መልሶ ሲሞላ መርከቡን ራሱ ያነሳዋል። ክሬን የለ፣ ጋሪ የለ።

«ያንተ አገር ሰው ጀልባውን በፀሐይ ያደርቃል» አሉ። «የእኛ በእሳት።»

መብራቱ፣ ደረጃው፣ ማዕበል ሰባሪው ግንብ፣ ታደባው፣ የጠባቂዎቹ ቤት፤ ከሳሙራይ ዘመን የነበረ ወደብ አምስቱንም ይዞ የቀረባት ቶሞ ብቻ ናት ይላሉ። እኔን የነካኝ ሽማግሌው ንጣፉ ላይ የቆሙበት ሁኔታ ነው። እንደ ቤታቸው ወለል ነበር የቆሙት። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ውሃው መመለስ እስኪጀምር።

ባሕር ዳር የተመለስኩት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ዝናቡ ገና አልጠነከረም ነበር። በማግስቱ ወደምሠራበት ማረፊያ ስሄድ ጭቃው እንደ ልማዱ ወጥቷል። ሳንቃው ተዘርግቷል። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ትሻገራለች። እየሮጥኩ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። ባለ ጀልባው «ምን ሆነሃል?» አለኝ።

የሐይቃችን ዳር እየተለወጠ ነው። መዝናኛው፣ ንጣፉ፣ አጥሩ ይጨምራል። ያምራል፣ አልክድም፤ እኔም ማታ ማታ ልጆቼን ይዤ እሄድበታለሁ። ግን ሲሠራ ውሃው ጋ የሚደርሰው ዓይን ብቻ እየሆነ ነው። እግር የሚደርስበት እየጠበበ ነው። እንጨት የጫነ ታንኳ የት ይጠጋ? ዓሣ የያዘ ሰው በየት ይውጣ? ጠበል የያዘች እናትስ? የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ወደ ውሃው የሚወርድ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚቀጥል የድንጋይ ደረጃ ነው። ጥቁር ድንጋይ በአገራችን ሞልቷል። የሚጠርበው ሰውም አለ።

ፎቶዎቹን ይዤ ወደዚያ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ሄድኩ። ደንገል ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። የጃፓኑ ሰውዬ ታንኳቸውን እንዴት እንዳዩት ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ደረጃውን ሳሳያቸው ግን ፈገግታው ቀረ፤ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይኸ ሁሉ ውሃ ውስጥ ይገባል?»

«አዎ ጋሼ። በቀን ሁለቴ።»

«ድንጋዩ አይንሸራተትም?»

«ብዙ ጊዜ ቆሟል።»

«ለእኛ ስንት ይበቃናል?»

አላወቅሁም። ስለዚህ መለካት ጀመርኩ። ማረፊያው አጠገብ አንድ የኮንክሪት ምሰሶ አለ። ሰኔ ላይ ውሃው የነካበትን ጫፍ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግሁበት። መስከረም ላይ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ጣና ጢም ብሎ ሲሞላ ሁለተኛውን ምልክት አደረግሁ። በመሀላቸው ያለውን በሜትር ለካሁት። አንድ ሜትር ከስድሳ። አንዱን ደረጃ በሃያ ሳንቲ ብናስበው ስምንት ይመጣል።

ወረቀት ላይ ሥዬ ወሰድኩላቸው። ስምንት መስመር፣ በጎኑ ሰኔና መስከረም ተጽፎበት። ማንበብ ባይችሉም መስመሮቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«ዘጠና አምስትን ታስታውሳለህ?» አሉኝ።

እንዴት እረሳዋለሁ። በ1995 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጣና ተለክቶ ከሚታወቀው ሁሉ ዝቅ ብሎ ነበር። ትልልቆቹ ጀልባዎች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ቆሙ። አባቴ ለወራት እቤት ዋለ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሥራ በፈታ እጁ ገመድ ይቋጥራል፣ ይፈታል።

«አስታውሳለሁ ጋሼ።»

ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ወረቀቱ ባዶ በሆነበት፣ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ዘጠኝ አድርገው፣ ልጄ። አንዱ ለዘጠና አምስት።»